ሥዕል ለትርኢት እስኪበቃ

በእንጦጦ ተራራ ሥር በጉለሌ ያደግን ተማሪዎች በእመቤታችን በዓል ቀን ወደ እንጦጦ ማርያም ያልወጣን ጥቂቶች ነን። የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑትንም ሥዕሎች አንገታችንን ቀና አድርገን ተመልክተናል። ነገር ግን «ይህን የሣለው ማን ነው?» ብለን የጠየቅን እጅግ አናሳዎች ነን። የቀድሞ ሠዓሊ በነጭ ጨርቅ ላይ ሥሎ ሲጨርስ ጨርቁ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፍለት ነበር። ከሥዕሉ ግርጌ ብዙ ጊዜ የሚታየው የአሠሪው መልክና ስም ነው እንጂ የሠዓሊው አይደለም። ሆኖም ይህ ሠዓሊ አንድ ትልቅ ዕድል ነበረው፤ ይኸውም ሥራው ከተሠራለት ሕዝብ ሳይለይ በየበዓሉ መታየቱ ነው።

የዘመናዊው ሠዓሊ ኑሮ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ስሙን በሥዕሉ ላይ ይጽፋል፤ ሥራውንም በትርኢት ያቀርባል። ትርኢቱ ሲያበቃ ግን ሥዕሎቹ ወዴት ይሄዳሉ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ድካሙ ጥቂት እንናገር። ሠዓሊው ሸራውን በእንጨት ላይ ይወጥራል፤ ቀለሙ እንዳይመጠጥ ሙጫና ነጭ ቀለም ይቀባዋል፤ እስኪደርቅም ይጠብቃል። የዘይት ቀለም ወፈር ብሎ ከተቀባ ፈጽሞ ለመድረቅ ወራት ስለሚፈጅበት፥ በግንቦት ትርኢት ሊያሳይ ያሰበ ሰው በመስከረም መጀመር ይገባዋል። ከዚያም በኋላ ክፈፉን ማሠራት፥ የሥዕሎቹን ዝርዝር መጻፍ፥ አዳራሽ መለመን፥ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚሰቀል መወሰን አለ። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ደግሞ ሣጥኑና የጉምሩኩ ወረቀት ይጨመራል። ይህ ሁሉ ተደክሞ ትርኢቱ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

ትርኢት ግን ከንቱ ድካም አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚሆኑን አቶ አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በ1932 በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ በ1947 የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው ሳለ ልባቸው ወደ ሥዕል ስላዘነበለ በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን አሳዩ። ከዚህ ትርኢት ባገኙት ገንዘብ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው በቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች አጠኑ፤ የባለ ቀለም መስተዋት ሥራንም ተማሩ። ያ ትምህርት በ1961 በተከፈተው በአፍሪካ አዳራሽ ፍሬ አፈራ። በዚያ ያለው የአፍሪካን ያለፈ፥ የአሁንና የወደፊት ዘመን የሚያሳየው መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ታድሶ በ2024 እንደገና ሲከፈት መስተዋቱ በቦታው ነበር። አፈወርቅ በ2012 ቢያርፉም ሥራቸው እንደ እንጦጦው ሥዕል ከተሠራበት ቤት አልተለየም።

የሁሉም ዕድል ግን እንዲህ አልነበረም። በቺካጎ የተማሩት አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1957 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። ከመምህራኑ አንዱ በሐረር የተወለዱትና በጀርመን አገር በኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበሩ። እርሳቸው በ1963 ያሳዩት ትርኢት ሰውንና ዛፍን እንደ መልኩ ማየት ለለመደ ተመልካች እንግዳ ሆኖበት ብዙ ክርክር አስነሣ። ሆኖም ከሁለት ዓመት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። በመጨረሻ አገራቸውን ትተው ተሰደዱ፤ በ1981 በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ዐረፉ። ዛሬ በስድስት ኪሎ በስማቸው በተሰየመው ሙዚየም ከጀርመን የተመለሱ ሥዕሎቻቸው ይታያሉ። ሥዕሎቹ ወደ አገር ሲገቡ ሠዓሊው በሕይወት አልነበሩም።

እስክንድር ቦጎሲያንም አዲስ አበባ ተወልደው በለንደንና በፓሪስ ተምረዋል። በ1964 የሣሉት «የጁጁ ሠርግ» የተባለው ሥዕል ዛሬ የሚገኘው በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ነው። የእኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ሥዕል የምናውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

አፍሪካውያንም የራሳቸውን የጥበብ በዓል ማቋቋማቸው መዘንጋት የለበትም። በ1966 በዳካር የመጀመሪያው የዓለም የጥቁር ሕዝቦች የጥበብ በዓል ተደረገ፤ በ1977ም ሁለተኛው በሌጎስ ተከበረ። በ1992 በዳካር በተደረገው የሥዕል ትርኢት ደግሞ በ1968 ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የተመረቁት ዘሪሁን የትምጌታ ተሸለሙ። ዘሪሁን የቀርከሃ ስንጥሮችን ጎን ለጎን አጋጥመው በላያቸው ይሥላሉ። ይህን አሣሣል ስንመለከት በሠፈራችን በሽሮ ሜዳ ሸማኔው የሚያወጣው ጥለት ይታወሰናል። ከጉለሌ ልጅ ዓይን የማይርቅ ነገር ባሕር ተሻግሮ ሊከበር እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ከላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ የሚያስቀረው ያገኘ ሥዕል በአገሩ ይኖራል፤ ያላገኘ ግን ገዢውን ተከትሎ ይሄዳል። ሠዓሊውን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ እርሱም ቤት ኪራይ ይከፍላል፥ ልጆች ያሳድጋል፥ ቀለም ይገዛል። የሚወቀስ ካለ በትርኢቱ ቀን ፊት ለፊት ቆሞ አድንቆ በማግስቱ የረሳው ተመልካች ነው።

በዚህ የመታሰቢያ በዓል በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የተማሪዎች ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ወላጆቻችን ሲመለከቱ ከአንዱ ሥዕል ፊት ጥቂት እንዲቆሙ፥ የሠራውንም ልጅ ስም እንዲያነቡ በትሕትና እንጠይቃለን። መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። በዓሉ አልፎ ምስማሩ ሲነቀል፥ ከሥዕሎቹ ቢያንስ አንዱ የሠዓሊው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበት በግድግዳው ላይ ይቅር። በየዓመቱም አንድ ይጨመርበት። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ ተመልሰን በመጣን ጊዜ ግን ያ ሥዕል እዚያው ቢጠብቀን ደስታችን ወሰን የለውም።