«ሬስቶሬሽን» በአማርኛ፦ ጥገና እንጂ እድሳት አይደለም

የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች «ሬስቶሬሽን» የሚሉት ቃል ሥርወ ቃሉ ከላቲን የተገኘ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ያረጀን ቤት፣ የተሠራበትን ዕንጨትና ድንጋይ፣ የሠራውንም ሰው ጥበብ አክብሮ፣ በዘመን ብዛት ከደረሰበት ጉዳት አውጥቶ ወደ ነባር መልኩ መመለስ ማለት ነው። ቃሉ ለቤተ መንግሥትና ለካቴድራል ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ስሙን ከቤንጋል አገር ያገኘውን፣ ደርብ የሌለውንና በሰፊ በረንዳ የተከበበውን «ባንጋሎ» የተባለ መኖሪያ ቤት በጥንቱ መልክ የሚያቆዩ ሰዎችም ሥራቸውን በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ስለዚህ በአገራችንም የጋይንቱን ሰቀላና የስማዳውን ጎጆ ይመለከታል።

ይህን ቃል ግን ብዙ ሰው «እድሳት» ብሎ ይተረጕመዋል፤ እኔም ይህ ትርጕም ቤቶቻችንን ጎድቷል ብዬ አምናለሁ። «አደሰ» ከግዕዙ «ሐደሰ» የመጣ፣ አዲስ አደረገ ማለት ነውና፣ ቤቱን አድስልኝ የተባለ ግንበኛ አሮጌውን ግድግዳ ንዶ በብሎኬት ቢተካው የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ አላጠፋም። «ጥገና» ግን ሌላ ነው። ወጌሻ የተሰበረ እግር ሲጠግን አጥንቱን አውጥቶ በሌላ አይለውጥም፤ በጣቱ ዳብሶ ስብራቱን ያገኛል፣ አጥንቱን ከአጥንቱ ያጋጥማል፣ በሸምበቆ ደግፎ ያስራል፣ የቀረውንም ለአካሉ ለራሱ ይተዋል፤ ሸምበቆውም ሥራውን ሲጨርስ ይፈታል። ለሬስቶሬሽን ከዚህ የቀረበ ቃል በአማርኛ አላገኘሁም።

በጉና ተራራ ግርጌ ያለ የድንጋይ ቤት ቢታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ የተደረደረበት ነው፤ ምርጊቱም ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ጭዱ እስኪላላና እስኪሸት ድረስ ቀናት ሰንብቶ፣ በመዳፍ የሚለጠፍ ጭቃ ነው። የሚጠግን ሰው የተሰነጠቀውን ስፍራ ፍቆ፣ አሮጌው አዲሱን እንዲቀበለው ውኃ አርከፍክፎ፣ ከዚያው ዓይነት ጭቃ ይመርግበታል። ለጥንካሬ ታስቦ ሲሚንቶ የተለጠፈበት እንደ ሆነ ግን፣ ሲሚንቶ ደረቅና እርጥበት የማያሳልፍ ነውና፣ ከመሬት የሚወጣው ርጥበት ከበስተኋላው ታፍኖ ጭቃውን ያላላዋል፤ ከውጭ ያማረው ግድግዳ ከውስጥ እየደከመ ይሄዳል፣ በመጨረሻም ልስኑ ተገምሶ ይወድቃል።

ይህን ስሕተት ጎንደርም አይታዋለች፤ የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በጣልያን ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ታድሰው ነበርና፣ ኋላ ያ ሲሚንቶ እየተነሣ እንደ ጥንቱ በኖራ ተተክቷል። በ1956 ዓ.ም. በቬኒስ የተሰበሰቡ የሙያው ሊቃውንት ያጸደቁት ቻርተርም፣ ጥገና ግምት በሚጀምርበት ስፍራ እንዲቆም፣ የጎደለውን የሚተካው አዲስ ክፍልም ከነባሩ ጋር እየተስማማ ከነባሩ ተለይቶ እንዲታወቅ ይደነግጋል።

አባቶቻችን ይህን ከማንም ቻርተር አስቀድመው ያውቁት እንደ ነበር የሚመሰክር ሕንፃ በጋይንት አለ። የድጓ መምህራን በሚመሰከሩባት በቤተልሔም፣ ከውጭ ለሚያየው እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ የሆነው ሕንፃ፣ በውስጡ ከእርሱ የቀደመ፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አቅፎ ይዟል፤ አበው አዲሱን ሲሠሩ ጥንታዊውን ከለሉት እንጂ አላፈረሱትም። እኔ በአገራችን ከዚህ የበለጠ የጥገና ትምህርት ቤት አለ አልልም።

እንግዲህ የአያቱ ሰቀላ የዘመመበት የወገዳም ሆነ የእስቴ ሰው፣ ከማፍረሱ በፊት ድንጋይ መደርደርና ጭቃ ማቡካት የሚያውቅ ሽማግሌ ጠርቶ ያሳይ፤ ቤቱ ከዳነም በኋላ ስለ እርሱ ሲናገር ወይም ሲጽፍ «ታደሰ» ሳይሆን «ተጠገነ» ይበል።