ዘጠኝ ድል፣ ሰባ ሦስት ሽንፈት
የአንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውድቀትና የአሠልጣኞቹ መለዋወጥ

ተማሪዎቻችን የአንድን ታሪካዊ ክስተት ምክንያት እንዲጽፉ ሲጠየቁ በቅድሚያ የሚያስቀምጡት የሰው ስም ነው። መንግሥት ወደቀ ሲባል ንጉሡን፣ ጦር ተሸነፈ ሲባል አዛዡን ይጠራሉ። ይህን ልማድ ለመፈተን ምሳሌውን ሁልጊዜ ከቤተ መንግሥት ወይም ከጦር ሜዳ መፈለግ የለብንም። የስፖርት ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የተሻለ ያገለግላል፤ ድሉና ሽንፈቱ በየዕለቱ ተመዝግቦ የተቀመጠ፣ መሪው የተለወጠበትም ቀን የታወቀ በመሆኑ ክርክሩን በቁጥር ለመመዘን ያመቻል። ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከተው በአሜሪካ የፊላዴልፊያ ከተማ ቡድን የሆነውን የሴቨንቲ ሲክሰርስን ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ቡድን በ1966–67 የውድድር ዘመን ካደረጋቸው 81 ጨዋታዎች 68ቱን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆኗል። ስምንት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ይዞ የኖረውን የቦስተንን ቡድን ከመንገዱ ያስወገደውም ይኸው ቡድን ነበር። አሠልጣኙ አሌክስ ሃነም፣ ዋና ዋና ተጫዋቾቹም ዊልት ቻምበርሌን፣ ሃል ግሪር፣ ቼት ዎከርና ቢሊ ከኒንግሃም ነበሩ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1972–73፣ ያው ቡድን ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 9 ብቻ ሆነ። 73 ጊዜ ተሸነፈ!

በዚያ ዓመት ቡድኑን የተረከበው አሠልጣኝ ሮይ ሩቢን ይባላል። ከዚያ በፊት በኒው ዮርክ በሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ዐሥራ አንድ ዓመት ያሠለጠነ ሰው ሲሆን፣ የባለሙያ ተጫዋቾችን ቡድን መርቶ አያውቅም ነበር። በመጀመሪያዎቹ 15 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። በጥር 1973 ከሥራው ሲሰናበት ውጤቱ 4 ድልና 47 ሽንፈት ነበር። እዚህ ላይ ብናቆም የተማሪው መልስ ዝግጁ ነው፤ «ቡድኑ የወደቀው አሠልጣኙ ልምድ ስላልነበረው ነው» ይላል።

ነገር ግን ከሩቢን በፊት የነበረውን ቁጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጻፍ። ከ1968 እስከ 1972 ቡድኑን ያሠለጠነው ጃክ ራምዚ ነበር። በአራቱ ዓመታት ያገኘው ድል በቅደም ተከተል 55፣ 42፣ 47 እና 30 ነው። አሠልጣኙ አንድ ሆኖ ሳለ ድሉ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል ማለት ነው። ራምዚ ደካማ አሠልጣኝ እንዳልነበረ ደግሞ የኋላ ሥራው ይመሰክራል። ስለዚህ ምክንያቱን ከአሠልጣኙ ወንበር ውጭ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ይህንንም ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1968 ሃነም ቡድኑን ትቶ ሄደ። በዚያው ዓመት በጋ የዘመኑ ኃያል ተጫዋች ቻምበርሌን ለሎስ አንጀለስ ተሰጥቶ በምትኩ ሦስት ተጫዋቾች መጡ፤ ሦስቱ ተደምረው አንዱን አላከሉም። በ1969 ዎከር ወደ ቺካጎ ተለወጠ። በዚህ ላይ በ1967 ኤ ቢ ኤ የሚባል ተፎካካሪ ሊግ ተቋቁሞ ተጫዋቾችን በገንዘብ መሻማት ጀምሮ ነበር። ከኒንግሃም በ1969 ከዚህ ሊግ አባል ከካሮላይና ቡድን ጋር ከተፈራረመ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ በፊላዴልፊያ ለመቅረት ፈልጎ ነበር፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 ለካሮላይና ተፈረደ። በ1972–73 የቀድሞ ቡድኑ ሲንኮታኮት እርሱ የኤ ቢ ኤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ተመረጠ። ሩቢን የተረከበው እንግዲህ ስሙ እንጂ አካሉ የሌለ ቡድን ነበር።

ይህ ሁሉ ሩቢንን ነፃ ያወጣዋል ወይ? አያወጣውም። የግሪርን ነገር እንመልከት። ሃል ግሪር ከ1958 ጀምሮ፣ ቡድኑ በሲራክዩዝ ከተማ ሳለ አንሥቶ፣ ሌላ ማሊያ ሳይለብስ የኖረ ሰው ነው። (የቅጣት ምት ሲመታ እንኳ እንደሌሎቹ ቆሞ ሳይሆን እየዘለለ ይወረውር ነበር፤ ተማሪዎች ይህን መስማት ይወድዳሉ።) ሩቢን ሲመጣ ዕድሜው 36 ደርሶ ነበር። አዲሱ አሠልጣኝ ከተቀያሪዎች ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ በዚያ ዓመት የተጫወተው 38 ጨዋታ ብቻ ነው። በእርግጥ ጉልበቱ እየደከመ ነበርና አሠልጣኙ ወጣቶችን ማስቀደሙ ከሒሳብ አንጻር የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁንና ውሳኔውን የሰጠው ሰው በዚያ ሊግ ውስጥ አንድ ጨዋታ እንኳ ያላሸነፈ፣ የተሰጠበት ሰው ደግሞ የሻምፒዮናውን ዘመን ተሸክሞ የመጣ ነበር። የተቀሩት ተጫዋቾች ያዩት ይህንን ነው።

በዩኒቨርሲቲ አሠልጣኙ ከተጫዋቹ በዕድሜም፣ በዕውቀትም፣ በሥልጣንም ይበልጣል፤ የተማሪው የትምህርት ዕድል ጭምር በእጁ ነው። ባለሙያው ተጫዋች ግን ኮንትራት አለው፤ ደመወዙ ከአሠልጣኙ ሊበልጥ ይችላል፤ ሥራውንም ከአሠልጣኙ አብልጦ ሊያውቅ ይችላል። በዩኒቨርሲቲ በትእዛዝ የሚገኘው መታዘዝ እዚህ በመከበር ብቻ የሚገኝ ነው። ከማሠልጠኛ ተቋማችን ተመርቀው፣ ሃያ ዓመት ያስተማሩ መምህራን ወዳሉበት ትምህርት ቤት የሚመደቡ ወጣቶች ይህን ለመረዳት የቅርጫት ኳስ ማወቅ አያሻቸውም።

ከሽንፈቱ ጋር አለመስማማቱ እየባሰ ሄደ። ስለዚያ ዓመት የመልበሻ ክፍል ጠብ ብዙ ይነገራል፤ ለመቀየር እምቢ ስላለ ተጫዋች የሚተረክም አለ። እኔ ግን ከነዚህ አብዛኛዎቹን ወደ ክፍል ይዤ አልገባም። ተሸናፊዎች ከዓመታት በኋላ ለጨዋታ ያህል የሚያወሩት ወሬ በየተነገረ ቁጥር እየጣፈጠ ስለሚሄድ፣ እንደ ምንጭ ለመጠቀም ከበድ ያለ ማጣራት ይጠይቃል። ሹም ሽሩና ቁጥሩ ለእኛ ይበቃል።

ሩቢን ሲነሣ ቦታውን የያዘው ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ኬቪን ሎክሪ ነበር። ተጫዋች አሠልጣኝ መሆን በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። ቢል ራስል በቦስተን ሁለቱን ሥራ ባንድ ላይ ይዞ በ1968 እና በ1969 ሻምፒዮን ሆኗል። በሎክሪ ዘመን 5 ድልና 26 ሽንፈት ተመዘገበ። በመቶኛ ሲሰላ የሩቢን 8 ገደማ፣ የሎክሪ 16 ገደማ ነው። «እንግዲህ አሠልጣኝ መለወጡ ውጤቱን በእጥፍ አሻሻለ» የሚል ተማሪ አይታጣም፤ ስሌቱም ልክ ነው። ያን ጊዜ ጨዋታዎቹን በተርታ እንዲያይ እናድርገው። ሎክሪ የመጀመሪያዎቹን 11 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ቀጥሎ ከ7 ጨዋታ 5ቱን አሸነፈ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን 13 እንደገና በሙሉ ተሸነፈ። ለውጡ የታየው በእነዚያ 7 ጨዋታዎች ብቻ ነው። በዚያው ወቅት ቶም ቫን አርስዴል የሚባል ጥሩ ተጫዋች በልውውጥ ስለ መጣ፣ ድሉ የአሠልጣኙ ይሁን የአዲሱ ተጫዋች ወይስ የአጋጣሚ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ለፈተና ጥያቄ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ቡድኑ የተነሣውም ቀስ በቀስ ነው። በመጨረሻ ደረጃው የተነሣ በ1973 ከአዳዲስ ተጫዋቾች መጀመሪያ የመምረጥ ዕድል አግኝቶ ደግ ኮሊንስን ወሰደ፤ ጂን ሹ አሠልጣኝ ሆነ። በሚቀጥሉት አራት ዓመታት ድሉ 25፣ 34፣ 46፣ 50 ሆነ። ከኒንግሃም በ1974 ተመለሰ፣ ጁሊየስ ኧርቪንግ በ1976 መጣ። በ1977 ቡድኑ ለዋንጫ ቀርቦ በፖርትላንድ 4 ለ 2 ተሸነፈ። የፖርትላንድ አሠልጣኝ ያው በ30 ድል ከፊላዴልፊያ የለቀቀው ጃክ ራምዚ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም፣ አዲሱ የውድድር ዘመን ገና በስድስት ጨዋታ ላይ ሳለ፣ ሹም ተሰናብቶ ከኒንግሃም አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1983ም ዋንጫውን ወደ ፊላዴልፊያ መለሰ።

ሎክሪ በ1973 ወደ ኒው ዮርክ ኔትስ ሄዶ፣ ኧርቪንግን ይዞ፣ በ1974 እና በ1976 የኤ ቢ ኤ ሻምፒዮን ሆኗል። ከ9 ድል ቡድን የወጣው አሠልጣኝ መሆኑ ነው። ሩቢን ግን በዚያ ሊግ ዳግመኛ አላሠለጠነም። በዩኒቨርሲቲ የሠራው የዐሥራ አንድ ዓመት ሥራ ተረስቶ፣ ስሙ በመዝገብ የሚነሣው በእነዚያ 51 ጨዋታዎች ነው።