የእርግዝና ማቅለሽለሽ፡ ‹‹ያልፋል›› የሚባለው እስከ የት ድረስ ነው?

‹‹ያለ ነው፤ ያልፋል!›› ነፍሰ ጡር ሴት ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ ልቧን ሲያጥወለውላት፣ የወጥ ሽታ ከቤት ሲያስወጣት፣ የቀመሰችው ሁሉ ሲመለስባት መጀመሪያ የምትሰማው ማጽናኛ ይህ ነው። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። አብዛኞቹ እናቶች በዚሁ መንገድ አልፈው በሰላም ይገላገላሉ። ሆኖም በማህፀንና ፅንስ ሕክምና ሥራዬ፣ ‹‹ያልፋል›› እየተባለች ሳምንታት ቤት ውስጥ ከርማ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ በሰው ተደግፋ የምትመጣ ሴት አዘውትሬ አያለሁ። አንዳንዷ ‹‹ሞልቃቃ›› እንዳትባል ፈርታ የቆየች ናት፤ ሌላዋ ደግሞ ‹‹መድኃኒት ፅንሱን ይጎዳብኛል›› ብላ ስትሰጋ ራሷን ለበለጠ አደጋ ያጋለጠች ናት። በዚህ ጽሑፍ የማቅለሽለሹን መነሻ፣ በቤት ውስጥ ማቅለያውን፣ ስለ መድኃኒቶቹ የሚታወቀውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ‹‹ያልፋል›› ማለት የማይቻልበትን ድንበር ለማሳየት እሞክራለሁ።

መቼ ይጀምራል? መቼስ ይተዋል?

ከ10 ነፍሰ ጡሮች መካከል ሰባት ወይም ስምንቱ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ከሁሉም ነፍሰ ጡሮች ግማሽ ያህሉ ደግሞ ያስታውካሉ። የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ተነስተን ስንቆጥር፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በ4ኛውና በ6ኛው ሳምንት መካከል ይጀምራል። በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹን ይተዋቸዋል። አንድ አሥረኛ የሚሆኑት ግን ከዚያም በኋላ ይቸገራሉ። ‹‹የጠዋት ሕመም›› የሚል ስም ቢወጣለትም ሰዓት አይመርጥም፤ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ የሚብስባቸው ጥቂት አይደሉም።

መነሻው ምንድን ነው?

ለረጅም ዓመታት በዋናነት ተጠርጣሪው፣ በሽንት የእርግዝና ምርመራ የሚታየው ኤችሲጂ የተባለው ሆርሞን ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ‹‹ኔቸር›› በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ትኩረቱን ጂዲኤፍ15 ወደሚባል ሌላ ሆርሞን አዙሮታል። ይህ ሆርሞን በእርግዝና ጊዜ በብዛት የሚመነጨው ከፅንሱና ከእንግዴ ልጁ ሲሆን፣ አንጎል ውስጥ ማቅለሽለሽንና ማስታወክን የሚቆጣጠረውን ክፍል ይቀሰቅሳል። ከእርግዝና በፊት በደማቸው ውስጥ የነበረው መጠን አነስተኛ የሆነ ሴቶች ሰውነታቸው ስላልለመደው፣ ድንገት ሲጨምር ይበልጥ ይታመማሉ። እናቷ ወይም እህቷ በእርግዝና ጊዜ ክፉኛ ታማ የነበረች ሴት ተመሳሳይ ነገር የሚገጥማት ዕድል ሰፊ የሆነውም በከፊል በዘር በሚወረስ ባሕርይ ምክንያት ነው። መንታ ያረገዘችም እንዲሁ።

ስለዚህ ጉዳዩ የምልቅና፣ እርግዝናውን ያለመፈለግ ወይም የጥንካሬ ማነስ ጉዳይ አይደለም። መነሻው የታወቀ የሰውነት ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ደንብ ሆድን ባዶ አለመተው ነው። ማታ ከራስጌ ጥቂት ደረቅ ብስኩት፣ ዳቦ ቆሎ ወይም የገብስ ቆሎ ማስቀመጥ፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ቀምሶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጋደም ብሎ መቆየት፤ ከዚያም ቀስ ብሎ መነሳት። በቀን ሦስት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ይመረጣል። ውኃም ከምግብ ጋር ሆድ እስኪነፋ ከመጠጣት በመካከል በመካከል መጎንጨት ይሻላል። በሶ ብጥብጥ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ሎሚ ጠብ ያለበት ቀዝቃዛ ውኃ ለብዙዎች ይስማማል። ቅባትና በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን ለጥቂት ሳምንታት ቢቀር ይመረጣል።

ሁለተኛው ሽታ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጨስ ለሌላው ደስ የሚለው ሽታ ለነፍሰ ጡሯ ፈተና ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት ምግብ ማብሰሉን ባል ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል ቢወስድላት ከብዙ መድኃኒት የሚበልጥ እፎይታ ታገኛለች። ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ከትኩሱ ያነሰ ሽታ ስላለው ይቀላታል። በታክሲ ስትሄድ መስኮት አጠገብ ትቀመጥ፤ ቢሮ ውስጥ ጠንካራ ሽቶ የሚቀባ ባልደረባ ካለም ብትነግረው ነውር የለውም።

ሦስተኛው ዝንጅብል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ፣ ለእርግዝና መጀመሪያ ማቅለሽለሽ ከሚመክራቸው አንዱ ነው። በጥናቶች በስፋት የተሞከረው መጠን በቀን አንድ ግራም ያህል የደረቀ ዝንጅብል ሲሆን፣ ይህም ለአራት ተከፍሎ የሚወሰድ ነው። በቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ስስ ቁራጭ ሻይ ውስጥ አፍልቶ መጠጣት ይበቃል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን ሐኪሟን ሳታማክር በብዛት ባትወስደው ጥሩ ነው።

በክትትል ጊዜ የሚሰጠው የአይረን እንክብል ማቅለሽለሹን የሚያብስባት ሴት፣ ከእራት በኋላ ከመኝታ በፊት ብትወስደው ሊሻላት ይችላል። ካልሆነም ሐኪሟ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊያቆምላት ይችላል። ፎሊክ አሲዱ ግን መቋረጥ የለበትም፤ የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ክፍተት እንዳይኖረው የሚከላከለው በእነዚሁ የመጀመሪያ ሳምንታት ነውና።

የጾም ጉዳይም መነሳት አለበት። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ መዋል ማቅለሽለሹን በእጅጉ ያብሳል፤ ፈሳሽ ካልተወሰደ ደግሞ ለድርቀት ይዳርጋል። ነፍሰ ጡሯ ጉዳዩን ለብቻዋ ይዛ ከምትጨነቅ ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ወይም ከሃይማኖት አስተማሪዋ ጋር ብትነጋገርበት መልካም ነው።

ከማስታወክ በኋላ ወዲያውኑ ጥርስ መቦረሽ በአሲድ የለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ይፍቃል። መጀመሪያ በውኃ ተጉመጥምጦ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መቦረሽ ይሻላል።

‹‹ለሆድ ጥሩ ነው›› ተብሎ የሚሰጥ ሁሉ ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም። ጤና አዳም ጨምቆ ወይም አፍልቶ መጠጣት ማህፀንን ሊቀሰቅስ ስለሚችል መቅረት አለበት። አፈር የሚያምራቸው እናቶችም አሉ፤ አፈር ግን አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ከማድረጉም በላይ የጥገኛ ትላትል እንቁላል ሊይዝ ይችላል። ይህ አምሮት አንዳንድ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ስለሆነ ለሐኪም ቢነገር ጥሩ ነው።

የመድኃኒት ፍርሃት ከየት መጣ?

ፍርሃቱ ታሪክ አለው። ታሊዶማይድ የተባለ ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ቀርቦ ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽም ይሰጥ ነበር። በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ከ10 ሺሕ የሚበልጡ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ሌላ ጉዳት ደርሶባቸው እንደተወለዱ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ ዓለም በእርግዝና ጊዜ መድኃኒትን በጥርጣሬ ማየቱ ተገቢ ነበር።

ፍርሃትም ግን ከልኩ ሲያልፍ ይጎዳል። ዶክሲላሚንና ቫይታሚን ቢ6 የተቀላቀሉበት ሌላ መድኃኒት በፍርድ ቤት ክሶች ብዛት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ አምራቹ ራሱ ከገበያ አወጣው። ፅንስ እንደሚጎዳ በጥናት አልተረጋገጠም ነበር። መድኃኒቱ በመጥፋቱ የተገኘው ውጤት በትውከት ምክንያት ሆስፒታል የሚተኙ ነፍሰ ጡሮች ቁጥር መጨመር ነው። ያው ድብልቅ በ2013 በአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንደገና ጸድቋል።

ዛሬ ሕክምናው ደረጃ በደረጃ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በቫይታሚን ቢ6 ነው፤ መጠኑም ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ሆኖ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። ‹‹ቫይታሚን ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም›› ማለት ስህተት ነው፤ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የእጅና የእግር ነርቮችን ይጎዳል። ካልበቃ ዶክሲላሚን ይጨመራል፤ ወይም እንደ ፕሮሜታዚንና ሜቶክሎፕራማይድ ያሉት ይታዘዛሉ። ሜቶክሎፕራማይድ በተለይ በወጣት ሴቶች ላይ አንገትና መንጋጋ የሚያጣምም ጠባይ ስላለው ከአምስት ቀን በላይ እንዲወሰድ አይመከርም። ኦንዳንሴትሮን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲወሰድ ከ10 ሺሕ ሴቶች በሦስት ያህሉ ላይ ተጨማሪ የከንፈር ወይም የላንቃ መሰንጠቅ ሊያስከትል እንደሚችል የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2019 አሳስቧል። ስለዚህ ሌላው ሳይሠራ ሲቀር በሐኪም ውሳኔ የሚሰጥ ነው። ጎረቤት የተረፋትን እንክብል መዋጥ ግን በየትኛውም ደረጃ ውስጥ የለም።

‹‹ያልፋል›› የማይባለው መቼ ነው?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• ለ24 ሰዓት ምግብም ሆነ ውኃ ሆድ ውስጥ አልረጋ ካለ፤
• ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ወይም ስምንት ሰዓት ያህል ካልመጣ፤
• ከእርግዝና በፊት ከነበረው ክብደት 5 በመቶ ከቀነሰ (60 ኪሎ ለነበረች ሴት 3 ኪሎ ማለት ነው)፤
• ስትቆም ካዞራት ወይም ልቧ በኃይል ከመታ፤
• ትውከቱ ደም ካለው፤
• ትኩሳት፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ፤
• ትውከቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው ከ10ኛው ሳምንት በኋላ ከሆነ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል። ወባ፣ ታይፎይድ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የጨጓራ ሕመም ‹‹የእርግዝና ነው›› በሚል ስም ተሸፍነው ሊቆዩ ይችላሉና።

ከ100 ነፍሰ ጡሮች እስከ ሦስት የሚደርሱት የሚይዛቸው ብርቱ ትውከት ሀብትና ማዕረግ አይለይም። የእንግሊዙ ልዑል ዊልያም ባለቤት ኬት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በዚሁ ምክንያት ለንደን ውስጥ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

ሆስፒታል ስትደርስ ሽንቷና በደሟ ያለው የጨው መጠን ይመረመራል፤ መንታ ወይም ያልተለመደ የእንግዴ ልጅ ዕድገት እንዳለ ለማየትም አልትራሳውንድ ይታያል። ከዚያ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለሳምንታት ምግብ ያልረጋላት ሴት ግሉኮስ ከመሰጠቷ በፊት ቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ ማግኘት አለባት። ሰውነት የሚያከማቸው ቢ1 ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ የሚበቃ ነው። ግሉኮሱ የቀረውን ሲያሟጥጠው አንጎል ይጎዳል፤ ዓይን ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ ሰው ግራ ይጋባል። ጉዳቱ አንዳንዴ አይመለስም። መከላከያው ግን ርካሽ መርፌ ነው። ‹‹ታያሚን ተሰጥቷታል ወይ?›› ብሎ በትሕትና መጠየቅ የማንም ባለሙያ ክብር አይነካም።

ለቤተሰብና ለአሠሪ

በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባቢያን ሕጉንም ብታውቁ ይጠቅማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 88 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጣት፣ ሐኪም ዕረፍት ካዘዘላትም ይኸው እንዲፈቀድላት ደንግጓል። ይህ ከወሊድ ፈቃዱ የተለየ ነው። ስለዚህ ሠራተኛዋ የሐኪም ማስረጃ ይዛ ብትጠይቅ ልመና አይደለም።

እቤት ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከማጽናናቱ ጎን ለጎን ሦስት ነገር ይቁጠር፦ ዛሬ ምን ጠጣች? ስንት ጊዜ ሸናች? ክብደቷ ካለፈው ሳምንት ምን ያህል ቀነሰ? ለሦስቱም ደህና መልስ ካለ ‹‹ያልፋል›› ማለት ይቻላል። ከሌለ ግን ጊዜ ሳያጠፉ ይዟት መሄድ ነው።

መልካም የእርግዝና ጊዜ!