ከካፋ ማር እስከ አረቄ ቤት፦ ሰካራም ወይስ ሕመምተኛ?

ስለ ካፋ ሲነሳ ቡናው ይቀድማል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ማሩ፣ ከማሩም ስለሚጣለው ጠጅ፣ መጠጥ ስለሚያመጣውም ሕመም ጥቂት ማለት እሻለሁ። የመጠጥ ታሪክ የፖለቲካ ታሪክም ነውና።

በካፋ ነገሥታት ዘመን ጠጅ የክብር መጠጥ ነበር። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘመተ፤ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከተዋጉ በኋላ ተማረኩ። ሕዝቡ በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ፤ ማሩም ግብር ሆነ። ከገበሬው ቀፎ ተቆርጦ የመልከኛውን ጋን ሞላ።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1922 አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ለሄኒከን ሸጠ። የቢራ ማስታወቂያ በየቤታችን ቴሌቪዥን ነገሠ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያን፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰውም ሽያጭን ከለከለ። እሰየው! ነገር ግን አዋጅ ቀድሞ የታመመውን አያድንም። ድሃ እናት ልጆቿን የምታሳድግበትን የአረቄ ጎጆም በፖሊስ ማፍረስ መፍትሔ አይሆንም።

ለመሆኑ ሱሰኛውን ምን እንለዋለን? «ሰካራም»፣ «ወራዳ»። ሐኪሞች ግን ሕመም ነው ይላሉ። ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው አካል መጠጡን ይለምዳል፤ በድንገት ሲቋረጥበት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሊያንዘፈዝፈውም ይችላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር ማየት ሊጀምር፣ ሊሞትም ይችላል። ቤተሰብ «መንፈስ ያዘው» ብሎ ወደ ጸበል፣ ካፋ ውስጥም ወደ አላሞ ይወስደዋል። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እምነትና ሕክምና አይጣሉም። ሕመምተኛን አስሮ መጠጥ መንፈግ ግን ሊገድለው እንደሚችል ማወቅ ይገባል። ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1 በባለሙያ ክትትል ሲሰጡ ያንን አስጊ ሳምንት ያሻግራሉ። ከዚያ ምክርና የቤተሰብ ድጋፍ ይከተላል።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። በሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምንና የአልኮል ሱስን እንዲያክሙ ተደርጓል። ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ መንግሥት ከመጠጥ ከሚሰበስበው ኤክሳይስ ታክስ ጥቂቱ ለምን ለቦንጋው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልና በካፋ ወረዳዎች ላሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ለዚሁ ሕክምና ተብሎ አይመደብም? ያኔ ማሩን ገብሮ የኖረ ሕዝብ፣ ዛሬም ከመጠጡ ግብር ከፍሎ ልጁን መቅበር የለበትም።

ቸር ያሰማን።