ወርቁን ያየ፣ ገሉን የናቀ

በቅርስ ተቆጣጣሪነት ከቁፋሮ ቡድኖች ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም፤ በትግርኛም በአማርኛም ይመጣል፦ «ወርቁን አገኛችሁት?» ገበያ የሚወርደው ሰው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆም ይልና ይጠይቃል። «ገል ነው የምንለቅመው አባቴ» ስለው ፈገግ ይላል። ለገል ብሎ ባሕር የሚሻገር ፈረንጅ አለ ብሎ ማን ያምናል? እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ያየ ግን ወርቅ ፍለጋ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባዋል። መሬቱ በችካልና በሲባጎ ይከፋፈላል። ዶማ የሚነሣው የላዩን አፈር ለመግፈፍ ነው፤ የቀረው የካዞላና የብሩሽ ሥራ ነው። የአፈሩ ቀለም ወይም ልስላሴ በተለወጠ ቁጥር ሁሉም እጁን ይሰበስባል፤ ይለካል፣ ይሣላል፣ ፎቶ ይነሣል። የወጣው አፈር በወንፊት ይነፋል። ገሉ፣ አጥንቱ፣ ከሰሉ ለየብቻው ከረጢት ይገባና የጉድጓዱና የንብርብሩ ቁጥር ይጻፍበታል። በኋላ ገሉ በጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ በቀጭን ብዕር ቁጥሩ ይሰፍርበታል። ከየት ንብርብር እንደወጣ የማይታወቅ ገል የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ይህ ሥራ በአክሱም የጀመረው ከመቆፈር ይልቅ በመለካት ነበር። በ1906 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታችም የምጠቅሰው የአውሮፓውን ዘመን ነው) ኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ቡድን በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ አክሱም ገባ። ሐውልቶቹን፣ የድንጋይ ጽሑፎቹንና የሕንፃ ፍርስራሾቹን ለክተውና ነድፈው በ1913 በበርሊን በአራት ቅጽ አሳተሙ። ከነደፏቸው መካከል ተአካ ማርያም የሚባለው ሰፊ ቤተ መንግሥት ይገኝበታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲቀደድ ፍርስራሹ ተጎዳ፤ ዛሬ የዚያን ቤተ መንግሥት ቅርጽ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ጀርመኖቹ ወረቀት መሄድ አለበት።

መደበኛው ቁፋሮ የተጠናከረው በ1952 በአዲስ አበባ የአርኪዮሎጂ ተቋም ከተመሠረተ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ከከተማው በስተምዕራብ ዱንጉርን ቆፈረ። ሃምሳ ገደማ ክፍሎች ያሉት ቤት ወጣ። አገሩ ሁሉ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል፤ አስጎብኚውም እንዲያ ብሎ ያስጎበኛል። ቆፋሪዎቹ የሰጡት ዘመን ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ 6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው፤ ሳባ ወደ ሰሎሞን ከሄደችበት ዘመን ወደ 1,500 ዓመት ይርቃል። አንድ ሽማግሌ ይህን ነግሬያቸው «ታዲያ የልጅ ልጆቿ አይኖሩበትም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ቁፋሮ የቤቱን ዕድሜ እንጂ የሽማግሌውን ትዝታ አይለካም።

ከዚያ እንግሊዛዊው ኔቪል ቺቲክ መጣ። ከ1972 ጀምሮ በሐውልቶቹ ግቢ ሲሠራ ከመሬት በታች የተሠሩ መቃብሮች አገኘ፤ አንደኛው በሸክላ ጡብ የተሠሩ ቅስቶች አሉት። በ1974 አብዮቱ ፈነዳና ሥራው ተቋረጠ። ቺቲክ በ1984 ሲሞት ውጤቱ ገና አልታተመም ነበር፤ ስቱዋርት መንሮ-ሄይ አዘጋጅቶት በ1989 ወጣ። ወደዚያ መቃብር የተመለሰው ከ1993 በኋላ በዴቪድ ፊሊፕሰን የተመራው ቡድን ነው። ሌባ ቀድሟቸው ገብቶ ነበር፤ ቢሆንም በጥሩ እጅ የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ ስብርባሪ ወጣ። ሌባው ያልፈለገው፣ ቆፋሪው ግን የተደሰተበት ነው።

አሁን ስለ ወርቁ። አክሱም ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ትቀርጽ ነበር። የወርቁ ጽሑፍ በአብዛኛው በግሪክኛ ነው፤ ለባሕር ማዶ ንግድ የታሰበ ነበርና። በየመን አል-ማድሃሪባ የተገኘው አንድ ክምችት ብቻ ከ800 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ነበረበት። ለአገሬው ገበያ የቀረው ነሐሱ ነው፤ ግዕዝም እየተጻፈበት መጣ። ዝናብ ካባራ በኋላ ሕፃናት ከማሳ ለቅመው ለቱሪስት የሚሸጡት እሱን ነው። ያች ዝገት የበላት ሳንቲም በቤቱ ወለል ላይ እንዳለች ብትገኝ፣ በላይዋ ያረፈው አመድና ገል ሁሉ ካስቀረጻት ንጉሥ ዘመን ወዲህ መሆኑን ትነግረን ነበር። ተለቅማ ስትሸጥ ግን የምትነግረን የንጉሡን ስም ብቻ ነው። በጥቂት ብር የምትሸጠው ሳንቲሟ ትሁን እንጂ የሚጠፋው የቤቱ ታሪክ ነው።

ሕዝቡን ብቻ መውቀስ ግን ፍርድ አይደለም። በ1981 የንጉሥ ኢዛናን ባለ ሦስት ጽሑፍ ድንጋይ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው፤ በግሪክ፣ በሳባና በግዕዝ ፊደል የተጻፈበት ነው። ድንጋዩ ካለበት የሚያነሣውን ስለሚረግም ዛሬም እዚያው ትንሽ ቤት ተሠርቶለት ቆሟል። በአፋርም በሐዳር በ1974፣ ሉሲ ከመገኘቷ ከሳምንታት በፊት፣ የጥንታዊ ሰውን መንጋጋ ያገኘው ኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ አስፋው ነበር። የእሱ ስም ተጽፏል። የአክሱሞቹን ገበሬዎች ስም ግን ስንቱ አንባቢ ያውቃል? በወንፊቱ ላይ ጎንበስ ብለው የሚውሉት ሴቶችና ጎረምሶችም በብዙ ዘገባ «የአካባቢው ሠራተኞች» ተብለው ያልፋሉ። የእያንዳንዷን ገል ቁጥር በቀጭን ብዕር የምንጽፍ ሰዎች፣ ገሏን ከአፈር ያነሣውን ሰው ስም ለመጻፍ አንድ መስመር አያጥረንም።