ከአምበር እስከ አባይ አሸዋ

ዛሬ የማወጋችሁ ከእኛው ደጅ፣ ከጎጃሟ አምበር ተነስቶ አባይ በረሃ ስለሚያወርድ ጉዞ ነው። ወደ በረሃው የሚወስደው አቅጣጫ ሁለት ነው፤ አንደኛው በስተደቡብ በባሶ ሊበን፣ በየጁቤ በኩል ይወርዳል፤ ሁለተኛው በሉማሜና በየትኖራ አልፎ ደጀን አፋፍ ላይ ያደርሳል። እኔ የምተርክላችሁ የደጀኑን ነው፤ የየጁቤውን ግን ሳላነሳ አላልፍም፣ የሚከብድ ታሪክ አለበትና።

ወሩ ኅዳር ነበር። አምበር ላይ ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ አድሮ፣ አጫጁ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ማጭዱን በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ ጤፉ ማሳ ሲወርድ፣ እኛ መኪና ተሳፍረን ደጀን ገባን፤ ከዚያም ከአፋፉ ላይ ቆምን። ማዶ የጎሐ ጽዮን አፋፍ ይታያል፤ ከመካከል ግን ገደሉን ሞልቶት የነበረው ጭጋግ ገና አልተነሳም። መንገድ የሚመሩን በቁልቁለቱ መካከል ካለችው ከኩራር የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በጉልምስናቸው የበረሃውን ማሽላ በአህያ እየጫኑ ደጋ ገበያ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። «አባባ፣ ውሃው ጋ መቼ እንደርስ ይሆን?» ብንላቸው፣ ዱላቸውን ወደ ገደሉ አመለከቱና «ልጆቼ፣ ቁልቁለት ለሚቸኩል ጉልበት አይራራም፤ ተረከዛችሁን አስቀድሙ፣ ዐይናችሁን ከእግራችሁ አታንሱ» አሉንና ቀደሙን።

ከአፋፉ እስከ ውሃው 1400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው። መጀመሪያ የሚረገጠው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተሰንጥቃ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ የቀረ ነው፤ ጤፋችንን የሚያበቅለው መረሬ አፈርም ከዚሁ ድንጋይ የወጣ ነው። ከዚያም ጥቁሩ አለቀና ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ መጣ። ሽማግሌው ቆም አሉና አንዱን ድንጋይ አንስተው፣ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ፊቱን አሹት፤ አቧራው ሲለቅ የዛጎል ቅርጽ ፈገግ ብሎ ወጣ። ይህ ጎጃም የምንለው አገር አንድ ዘመን ባሕር ነበር ማለት ነው፤ ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት ባሕር የተኛበት መሬት ላይ ነው እርሻችንን የምናርሰው። ገደሉ እንደ መሶብ እንጀራ ነው፤ መጀመሪያ የተጋገረው ከሥር ነው ያለው፣ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ወደ ጥንቱ እንገባለን።

ከዚያም ኩራር ደረስን፤ ጋቢው ወደ ትከሻ፣ ከትከሻም ወደ ከረጢት ገባ፤ ሙቀቱ ተቀበለን። ኩራርን አልፈን ጀሶ የሚመስለውን ነጭ አፈር ተሻግረን ወደ ዱሩ ገባን። የበረሃ ዱር እንደ ደጋው ጥቅጥቅ ያለ አይደለም፤ አባሎና ወይባው ተራርቆ ይቆማል፣ ቁልቋሉ ከገደሉ ጫፍ ክንዱን ዘርግቶ ይታያል፣ ሣሩ በኅዳር ደርቆ ወገብ ይደርሳል፣ ሰውም ሲራመድ ይንሿሿል። ዝንጀሮዎች ከላይ ሆነው አዩን፤ አንዱ ትልቅ ወንድ ጮኸ፤ ሽማግሌው ዱላቸውን ከፍ አድርገው አሳዩትና መንገዳችንን ቀጠልን።

እንግዲህ እዚያ ነው የአሸዋው ድንጋይ የቆመው። ቀይ ነው፤ በጠዋት ፀሐይ ደግሞ ይነዳል። የከርሰ ምድር ሊቃውንት የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይሉታል፤ ዕድሜው ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ገርዓልታ ላይ አባቶቻችን በእምነት እየፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ያነጹበትም ይኸው ድንጋይ ነው። እጄን ዘርግቼ ዳሰስኩት፤ ፍሬ ፍሬው በጣቴ ላይ ቀረ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግድግዳው ላይ አጋድሞ የተሰመረ ቀጭን መስመር አለ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ።

ከዚያም ወንዙ ዳር ወጣን። አባይ የክረምቱን ሙላት አራግፎ ጎድሏል፤ በየዳሩ የተወውም አሸዋ ሰው የሚያህል ክምር ሆኗል፤ ይህ አሸዋና ደለል ገባሮች ከጮቄና ከየአገሩ እየጠረጉ ያመጡት ነው። ሽማግሌው ከክምሩ አንዱን ጎን በዱላቸው ናዱት፤ ከውስጡም ያው አጋዳሚ መስመር ታየ፤ ያው፣ ከላይ በቀዩ ድንጋይ ላይ ያየሁት! ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያ ድንጋይም አንድ ቀን እንዲህ ወንዝ አምጥቶ የከመረው አሸዋ ነበር። ረዥም ሰዓት ተቀምጠን አየነው፤ ማንም አልቸኮለም።

አሁን ወደ የጁቤው ልመልሳችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ አቅጣጫ ባሶ ላይ ትልቅ ገበያ ይቆም ነበር፤ አሞሌ ጨው ወደ ደቡብ ይሻገራል፣ ቡናው፣ ወርቁና የዝሆን ጥርሱ ከደቡቡ አገር ከእናርያ ወደ ሰሜን ይመጣል። ክረምት አባይ ሲሞላ ነጋዴው መሻገሪያ አጥቶ ይጠብቃል፤ ሲጎድል ዋናተኛ በተነፋ አቁማዳ ያሻግረዋል። ከቡናው ጋር ግን ሰውም ይነዳ ነበር። ከእናቱ ጉያ የተነጠቀ ሕፃን በማዶው ቁልቁለት ወርዶ፣ ውሃውን ተሻግሮ፣ የየጁቤውን ዳገት በባዶ እግሩ ወጥቶ ባሶ ላይ ተሽጧል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ መንገዱን የምንረግጥ ሁሉ የነሱንም ዳና እንረግጣለን፤ ስናወሳ ነጋዴውን ብቻ አናውሳ።

ኋላም በጣሊያን ዘመን አርበኛው በዚህ በረሃ አደረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1933 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ተነስተው አባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬ መኪናው በሕዳሴ ድልድይ ላይ በደቂቃ ያልፋል፤ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራ ውብ ድልድይ ነው። መንገዱ መሠራቱ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን የአህያ መንገዱን የሚያውቀው ሰው በየዓመቱ እያለፈ ነው፤ ዱሩም ከሰል እየሆነ በየመንገዱ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ቆሟል። ዛፉ ሲያልቅ ገደሉ ይናዳል፤ መንገዱን ራሱን ስንት ጊዜ እየሰበረ እንዳስቸገረን የዚህ አገር ሰው ያውቃል። የእኔ ልመና አንድ ነው፦ የአነደድ፣ የባሶ ሊበንና የደጀን ወረዳ ወጣቶች መንገዱን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጋር ይውረዱ፣ የመንገዱን መታጠፊያ በድንጋይ ክምር ምልክት ያድርጉበት፤ ለሚመራና ዱሩን ለሚጠብቅም ከተጓዡ ኪስ ድርሻ ይድረሰው። ከከሰል የተሻለ እንጀራ ይወጣዋል።

አገር ሰላም ብላችሁ መውረድ የፈለጋችሁ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውረዱ። ንጋት ላይ ከአፋፉ ተነሱ፤ ከረፋድ በኋላ ጥላ አይገኝም። ውሃ ከምታስቡት እጥፍ ያዙ፤ ወንዙ ዳር የምታድሩ ከሆነ አጎበር አትርሱ፣ ወባ አለ። ኩራር ላይ ቆማችሁ ሽማግሌ ጠይቁ፤ የሚመራችሁ አታጡም።