አሮጌ ኤርፖርት የነበረው ኤርፖርት የት ሄደ?

ኮልፌ ቀራንዮ ወይም አካባቢዋ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ጥሪ ሳትሰሙት አትቀሩም። ጦር ኃይሎች ቆማችሁ ታክሲ ስትጠብቁ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አሮጌ ኤርፖርት! አሮጌ ኤርፖርት!» ይላል። ወርዳችሁ ብትዞሩ ግን ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ አታዩም። መኖሪያ ቤት፣ ሱቅ፣ ካፌ ነው ያለው። ታዲያ ኤርፖርቱ የት ሄደ?

ነገሩ ተራ የሰፈር ስም ጥያቄ ይመስላል። ተከትለነው ከሄድን ግን ዛሬ ዓለም የሚከራከርበት ጉዳይ ላይ ያደርሰናል፦ የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት ሰዎች በአውሮፕላን የሚያደርጉትን ጉዞ ይቀንሱ? ከቀነሱስ እነማን?

ከመጀመሪያው እንነሳ። በ1915 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኤደን ላይ የእንግሊዝ አየር ኃይል ትርኢት ተመለከቱ። ማየት ብቻ አልበቃቸውም፤ ራሳቸውም ተሳፍረው በረሩ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ደግሞ ፖቴዝ 25 የተባለች ፈረንሳይ ሠራሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ገባች። በዚያ ዘመን መብረር የመንግሥትና የጦር ጉዳይ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ሲ-47 የሚባሉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የጭነት አውሮፕላኖች ነበሩ። መንገደኛው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ዕቃው መሀል ላይ ይከመራል። መነሻቸው ደግሞ የልደታ ማረፊያ ነበር። ዛሬ «አሮጌ ኤርፖርት» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ጅማ መብረር ተጀመረ። ልብ በሉ፤ ያኔ ጥሩ መንገድ የሌለበት አገር ብዙ ነበር። ክረምት ሲገባ መኪና በጭቃ ይያዛል። ስለዚህ አውሮፕላኑ የቅንጦት ሳይሆን የችግር መፍቻ ነበር።

ከዚያ የጄት ዘመን መጣ። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ሊገዛ ሲያስብ የልደታ መንደርደሪያ አጠረ። መፍትሔው ሌላ ሰፊ ሜዳ መፈለግ ሆነ፤ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ የቦሌ አዲሱ መንደርደሪያ ሥራ ጀመረ። ልደታም «አሮጌ» ተባለ። አሁን በተራዋ ቦሌ ጠበበችና ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሌላ ግዙፍ ኤርፖርት ታቅዷል። አያችሁ? ሜዳው በጠበበ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ የበለጠ ማስፋት።

ችግሩ ምኑ ላይ ነው? የጄት ነዳጅ ቤት ውስጥ ከምናውቀው ነጭ ጋዝ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ ኪሎ ሲቃጠል በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክስጅን ጋር ይዋሐድና 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከነዳጁ ክብደት የሚበልጠው ከአየር የተወሰደው ኦክስጅን ስለሚጨመርበት ነው። አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ የሚተዉት ነጭ መስመርም ሙቀት ይይዛል። በረራ ዓለም ከምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ወደ 2.5 በመቶ ገደማ ድርሻ አለው።

«2.5 በመቶማ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ማን እንደሚለቀው ስታዩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተመራማሪዎች እንደገመቱት እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓለም ሕዝብ በአውሮፕላን የተሳፈረው ወደ 11 በመቶው ብቻ ነው፤ ከመንገደኛ በረራዎች ብክለት ግማሽ ያህሉን ያደረሰው ደግሞ 1 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ የዓመት ልቀት ከነዳጅና ከመሳሰለው ከ0.2 ቶን በታች ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደርሶ መልስ የአንድ ሰው ድርሻ ግን ከ1 ቶን ይበልጣል። አንዷ ጉዞ ከአምስት ዓመት በላይ መሆኗ ነው!

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ልብ የሚከፈለው። አክስታችሁ ከዋሽንግተን የምትመጣው እናቷን ልትቀብር ቢሆንስ? «ቀሪ» የሚላት ማን ነው? ለሁለት ቀን መዝናኛ በየወሩ የሚበርን ሰው ከእሷ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። ብዙ ጥናት የሚያነሳው ሐሳብም ወደዚህ ያደላል፦ አዘውትሮ የሚበር ሰው ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛው በረራ ጀምሮ እየጨመረ የሚሄድ ግብር ይክፈል።

ሌሎች አገሮች ምን ሞከሩ? ስዊድን ውስጥ «የመብረር እፍረት» የሚል ቃል ተፈጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአገር ውስጥ መንገደኞች ቁጥርም ቀነሰ። ፈረንሳይ ደግሞ በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በሚደረስባቸው መስመሮች ላይ በረራ የሚከለክል ሕግ በ2021 አወጣች። በ2023 ሥራ ላይ ሲውል ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ናንት፣ ሊዮንና ቦርዶ የሚደረጉ በረራዎችን ነካ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ ባቡሩ ቀድሞ ነበር፣ ክልከላው በኋላ መጣ።

እኛስ? ከኮልፌ ብዙም ሳንርቅ ለቡ ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ አለን። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ይህ መስመር ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ ይወስዳል፤ አብዛኛው የአገራችን ኤሌክትሪክ ከውኃ ስለሚመነጭ ልቀቱ ትንሽ ነው። አጭር በረራ ደግሞ ለመነሳት ብቻ ብዙ ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ ወደ ድሬዳዋ «በባቡር እንሂድ» ማለት ይቻላል። ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ ግን ባቡር የለም። አማራጭ የሌለውን ሰው «አትብረር» ማለት «ቤትህ ቅር» ማለት ነው።

ለዚህ ነው የአሮጌ ኤርፖርት ታሪክ ዛሬም የሚጠቅመን። አውሮፕላን ወደ ጅማ የበረረው ጥሩ መንገድ ስላልነበረ ነው። በረራን መቀነስ ከፈለግን መጀመሪያ መንገዱንና ሐዲዱን እንዘርጋ፤ ሂሳቡን ደግሞ ብዙ ከበረረው እንጀምር። ቢሾፍቱ ሲያልቅ እናንተ ትልልቅ ሰዎች ትሆናላችሁ። እሱም አንድ ቀን ሲጠብ፣ ከአርባና ሃምሳ ዓመት በኋላ ውሳኔው የእናንተ ነው። ያኔ «የት እናስፋው?» ከማለታችሁ በፊት «ለማን?» ብላችሁ ጠይቁ።